በፍግ የሞቱት ቅቤ ቅጠሎች

ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ጩኸት ሰማሁ። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት አትክልተኛ፣ በራቸው ላይ ቆመው ከእህታቸው ልጅ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ እስቲ ፍረድ! አበባን ጠጠር ላይ አስርቦ መግደል ተገቢ ነው?»

«የገደሏቸው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ!» አለች ልጅቷ። በእጇ የአበባ ጣሳ ይዛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟች እናቷ ዘራቸው ከሜክሲኮ የመጣ ትንንሽ አበቦች ነበሯት፤ ቅጠላቸው ስለሚያብረቀርቅ «ቅቤ ቅጠል» ትላቸው ነበር። ልጅቷ ለትምህርት ርቃ ስትሄድ ለአጎቷ አደራ ሰጠች። እሳቸው ግን ከአሸዋና ከጠጠሩ አውጥተው በፍግ ተከሏቸው። አሁን የቀረችው አንዲት ናት፤ እሷም ከሥር ጠቁራለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ አትክልት ያለመለምኩ ሰው ነኝ! አንቺ ልታስተምሪኝ?»

«ያለመለሙት ጽጌረዳ ነዋ! ይቺ ምግቧን የምታገኘው በቅጠሏ ነው። ትንኝ ይጣበቅባታል፣ እሱን ታሟሟለች፣ ይበቃታል። ሥሯ እርጥብ ፍግ ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል።»

«ትንኝ የምትበላ አበባ! ቀጥሎ ደግሞ ምን ልትይኝ ነው?»

ደሜ ፈላ። ሽማግሌን አከብራለሁ፤ አደራ ተቀብሎ መጠየቅን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው ግን ያናድደኛል።

«የመጀመሪያዋ ስትሞት ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ለቀሩት ፍግ ጨመርኩ።»

«እነሱም ሲሞቱስ?»

ልጅቷ ጣሳውን ጋዜጣ ላይ ገለበጠችው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ አትክልተኛ ናቸውና ሽታውን ለይተው ያውቁታል።

«በስብሷል» አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፉ። «እናትሽ መጨረሻ ላይ ከእጄ አልጎርስም አለችኝ። እነዚህን እንኳ ላጥግብ ብዬ ነበር።»

ልጅቷ ዕንባዋን ጠረገች፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም። ጤነኛ ቅጠሎችን ለቅማ መዳፋቸው ላይ አኖረች።

«እርጥብ አሸዋ ላይ ያስተኟቸው፣ አይቅበሯቸው። ከአንዲት ቅጠል አዲስ ተክል ይወጣል።»

ለአንባቢዬም የምለው ይኸው ነው፦ አሸዋና ጠጠር ሥርን ከመበስበስ ያድናል፤ ተክሏም ትንኟን ከቤት እየለቀመች ራሷን ትመግባለች። ያልጠየቀችውን ምግብ በግድ ማብላት ደግነት አይደለም።

«እጄ ወደ ፍጉ ሲሄድ ካየሽ ጩኺብኝ» አሉ ሽማግሌው።

«እጮኻለሁ» አለች።