ሰኞና ሐሙስ የሚታጠበው ቻርሊ

«ያዴ፣ እንዴት አደርክ ባክህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? የታኅሣሥ ብርድ እኮ ሌላው ሰፈር በእንግድነት ነው የሚመጣው፤ እዚህ ገላን ላይ ግን ኮንዶሚኒየም ደርሶታል መሰለኝ... አይወጣም!»

ነቢዩ ይህን ያለው እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። ከፊቱ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ ውሻው ቻርሊ፣ ቻርሊ ላይ አረፋ። የግቢው ዘበኛ ያደታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በብሎኩ በር ላይ ተቀምጧል። ከበላያቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ የቻርሊ ጌታ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቁልቁል ያያል። «ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ!» ብሎ ከጮኸ ገና ደቂቃ አልሞላውም።

ከደረጃው ሥር የዚሁ ሰውዬ አባት፣ አባባ ወልደገብርኤል፣ ባዶ ጆግ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል። ቻርሊ ሰሞኑን ሲያክ ሰነበተ። ልጅየው «ቁንጫውን ያመጣው የአባዬ ጋቢ ነው» ብሎ ፈረደና ትናንት የሚተኙበትን ሶፋ ከለከላቸው። ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው ነቢዩን ጠጋ ብለው፣ «ነገ ገብርኤል ነው ልጄ፤ ታጥቤ ብስም ብዬ ነበር። ከዚህች ሙቅ ውሃ ትተርፈኝ ይሆን?» አሉት። እሱ ሊቀዳላቸው ጎንበስ ሲል ከላይ ድምፅ ወረደ፤ «ውሃው የቻርሊ ነው! ቧንቧው እስከ ሰኞ አይመጣም!» ሽማግሌው ባዶ ጆጋቸውን ይዘው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ነቢዩ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ጥሎ የወጣ፣ መኪናም ውሻም አጥቦ የሚያድር ልጅ ነው። ብዙ ነገር ሳይማር ቀርቷል። ዝም ማለትን ጨምሮ።

«እንዲያው ስለ ውሻ እናውጋ ያዴ። ስለ ውሻ ብቻ። አንድ ደንበኛ አለኝ... ሳሪስ። እዚህ አይደለም፣ ሳሪስ ነው። ፍቅር የሚያውቅ ሰው ብትል እሱ ነው! ውሻውን በሳምንት ሁለቴ ያሳጥባል፤ ሰኞና ሐሙስ። ሻምፖው ሽታው! እኔ ብታጠብበት ሰፈሩ ‹ሽማግሌ ሊልክ ነው› ይለኝ ነበር። ከዚያ በፎን ይደርቃል፣ ይበጠራል፣ ጥፍሩ ይቆረጣል። አንተ ጥፍርህን ሰው የቆረጠልህ መቼ ነው? በሕፃንነትህ አይደል? ሁለተኛው ደግሞ ስናረጅ ነው ይላሉ... ቆራጭ ከተገኘ።»

ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ዓይኑን ግን ከሳፋው አላነሳም።

«የእንስሳት ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ውሻ በወር አንዴ ከታጠበ ይበቃዋል። ጭቃ ውስጥ ካልተንከባለለ ስድስት ሳምንት ቢቆይም ምንም አይሆንም። ይልቅ ፀጉሩን ቶሎ ቶሎ አበጥሩለት። በየሦስት ቀኑ በሰው ሻምፖ ስትፈትጉት የቆዳው ወዝ ያልቅና ያሳክከዋል› አለኝ። ገባህ? ቁንጫ አይደለም፤ ንጽሕና ነው የበላው! ለሳሪሱ ሰውዬ ልንገረው አልኩና... በምን አፌ? ዲግሪው እኮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል! እኔ ግድግዳዬ ላይ ያለው ምስማሩ ብቻ ነው።

«ውሻው ሲያክ ጊዜ ታዲያ የተማረው ሰው መረመረ። መረመረ፣ መረመረና... አባቱን አገኘ! ድሮ ‹የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ› ነበር የሚባለው። ዘመን ተሻሽሎ የቻር... የውሻውን እከክ ወደ አብዬ ልክክ ሆነ። የሳሪሱን ውሻ ማለቴ ነው!»

ያደታ ሳቁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረው። በረንዳው ላይ ብርጭቆው ከአፍ ሳይደርስ ቆመ። ሰውዬው ጨነቀው። ቢገባ ሳሪስ የሱ ቤት መሆኑን አመነ ማለት ነው፤ ቢቆም መስማት ሊኖርበት ነው። ቆመ። ትንሿ ልጁ እምነት መጥታ ከጎኑ ተለጠፈች።

«አባትየው ባቡር ጥገና ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው አሉ። ማታ ከሥራ ሲወጡ ክንዳቸውን በናፍጣና በአሸዋ ይፈትጉት ነበር። ለምን መሰለህ? ልጃቸውን ሲያቅፉ ሸሚዙን ግራሶ እንዳይነካው! ልጅየው ንጽሕና የለመደው ታዲያ ከማን ሆነና? እሱስ ቢሆን መች ረሳ? አባቱን እንቁጣጣሽ ላይ አሳጥቧል። ገና ደግሞ ይኸው ደርሷል፤ ምን ቀረው? ሐኪሙስ ‹መታጠብ ሲበዛ ቆዳ ይጎዳል› አላለም? ምክሩን በትክክል የተገበረ እሱ ብቻ ነው... ፍጡሩን ትንሽ ተሳሳተ እንጂ። ደግሞ በዚህ ሰው ይፈረዳል?

«ማረሚያ ቤት በር ላይ መኪና ሳጥብ ስንቱን አያለሁ መሰለህ። ልጅ ለታሰረ አባቱ አንድ ሳሙና ይዞ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። የሳሪሱ ሰውዬ እንዲህ ያለ እንግልት የለበትም። አባቱ ነጻ ሰው ናቸዋ! ከሶፋው በቀር... የፈለጉበት መቀመጥ ይችላሉ።»

አባባ ወልደገብርኤል አንገታቸውን አቀረቀሩ። ልጃቸው ነው፤ በሰው ፊት ሲዋረድ አይወዱም። ነቢዩ አያቸው። ቻርሊን ከሳፋው አውጥቶ በፎጣ ጠቀለለው። ከጎኑ ገና ያልተነካ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ እየጨሰ ነበር፤ የቻርሊ ማለቅለቂያ።

«ለነገሩ ያዴ፣ ሰው እየዞርን እናማለን እንጂ ባለቤቱን መጠየቅ አናውቅም። ውሃው የማን ነው ተባለ? የቻርሊ። ‹ቻርሊ ሆይ፣ ይህችን ባልዲ ለአባባ ብሰጣት ቅር ይልሃል?› አልኩት። እየው... ጭራውን ቆላ! እሱ የአባቱን ስም እንኳን የማያውቅ ውሻ ነው፤ ግን አላንገራገረም። ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ የሚቃወም ማን ነው?»

ማንም አልተቃወመም። ነቢዩ ባልዲውን በአንድ እጁ አነሳ፤ በሌላው የሽማግሌውን ክንድ ደገፈ። «ይነሱ አባባ፣ የያደታ ክፍል ንፋስ አይገባውም። ጀርባዎን እኔ አሽልዎታለሁ።» የዘበኛው ክፍል በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ በረንዳው ተመለከተ፤ ድምፁ ማር ሆነ።

«ያዴ፣ የሳሪሱን ሰውዬ ሳንመርቀው አንለያይም። እንጀራዬ ነው። ዕድሜ ይስጠው፤ እንደ አባቱ ለሽበት ያብቃው። አንዲት ልጅ አለችው አሉ፣ ዓይኗ አንድ ነገር የማያመልጣት... እሷን ያሳድግለት። እሱ ለአባቱ ያደረገውን ሁሉ፣ አንዲትም ሳታጎድል ታድርግለት። ምን ዝም ትላለህ? አሜን በል እንጂ!»