የጋሼ ጃፈር ጀልባና የማይቸኩለው ማጣበቂያ

ሳይጠየቁ መናገር ነውር ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለትን ጨዋነት ብለው በሚጠሩት አልቀናም። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ሠረቀብርሃን መደብር የገባሁት የፋይበር ጨርቅ ልገዛ ነበር። ሥራዬ የተሰነጠቀ የውኃ ታንከርና የመኪና ቦዲ መጠገን ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ የማጣበቂያ ቆርቆሮ ላይ ያለ ጽሑፍ እያነበብሁ፣ ያበላሸሁትን እየፋቅሁ ተማርሁት። የምስክር ወረቀት ለሚጠይቀኝ እጄን አሳየዋለሁ።

ከፊቴ አቧራ የለበሰ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል።

«በአምስት ደቂቃ የምትደርቀዋን ኢፖክሲ ማጣበቂያ ስጠኝ» አሉት ባለ ሱቁን።

«ለምን ፈልገዋት ነው?» አልኋቸው።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ለጀልባ። አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«ማኅደረማርያም እባላለሁ። ለጀልባ ከሆነ አይግዟት።»

ባለ ሱቁ ሠረቀብርሃን ሳቀ። «ጋሼ ጃፈር፣ ይቺ ልጅ ገበያዬን ስታባርር የመጀመሪያዋ አይደለም።»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ከአልዩ አምባ በታች ቆላው ውስጥ ለመስኖ የተገደበ ውኃ አለ፤ ግድቡ ሲሞላ የቀድሞውን መንገድ ስለዋጠው ከማዶ ያለው መንደር በእሳቸው ጀልባ ይሻገራል። አሁን ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ ተበላሽቷል። የታችኞቹ ሁለት ብሎኖች ላልተዋል፤ በቀዳዳቸው ውኃ ይገባል።

«ልጄ ሌይላ ከማዶ ናት» አሉ። «ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ጤና ጣቢያው ከወዲህ ነው። ጀልባዋ ዛሬውኑ መነሣት አለባት። አምስት ደቂቃ ያልሁት ወድጄ መሰለሽ?»

«ዛሬ ተነሥታ ነገ ውኃው መካከል ሞተሩን ብትጥለውስ?»

«አላህ ይጠብቀን! አፍሽ ረዝሟል፤ እጅሽም እንደ አፍሽ ከሠራ ነይና ሥሪው።»

ለእንዲህ ያለ ንግግር እንቢ ማለት አልችልበትም። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ በሁለት ቆርቆሮ ገዛሁ፤ እሳቸውም በግትርነታቸው ያቺን የአምስት ደቂቃዋን ገዙ። ሁለታችንም ዕቃችንን ታቅፈን በአንኮበር ጉም ውስጥ አልፈን ቁልቁል ወረድን።

ቀትር ሳይሆን ደረስን። ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ላይዋ ፋይበር፣ የኋላ ሳንቃዋ ውስጡ ኮምፐርሳቶ እንጨት። ብሎኖቹን ፈትቼ ቀዳዳው ውስጥ መሰርሰሪያ ባስገባ፣ የወጣው ፍቅፋቂ ጥቁርና እርጥብ፣ እንደ ተነከረ ትንባሆ ነው። ከቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር በጣቴ ተጎተተ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዓምና የደፈንሁበት ኢፖክሲ ነው። ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነበር፤ ሳይጠነክር ቀረ።»

«እንዴት አድርገው ነው የለኩት?»

ጋሼ ጃፈር ቀና አሉ። «ሁለት እጅ ሙጫ በአንድ እጅ ማጠንከሪያ ይላል፣ እንደዚያው ሰፈርሁ። ከዚያ ከማጠንከሪያው ትንሽ ምርቃት ጨመርሁበት። አርባ ዓመት ቅቤና ጨው ስሸጥ ያለ ምርቃት የሰፈርሁበት ቀን የለም።»

እዚህ ላይ፣ አንባቢዬ፣ መሳቄን አልደብቅም። ምርቃት ደግ ልማድ ነው፤ ለገዢው ያለ ሂሳብ የሚጨመርለት ያቺ እፍኝ የአገራችንን ሰው ልብ ታሳያለች። ነገር ግን ልማድ ደግ ስለሆነ ብቻ በሁሉም ቦታ አይገባም።

«ጋሼ፣ ዕቃውን የገደለው ምርቃትዎ ነው» አልኋቸው። «ሙጫውና ማጠንከሪያው እንደ ሙሽሪትና ሙሽራ ናቸው። ለእያንዳንዷ አንድ ባል ተቆጥሮ ተመድቦላታል። ትርፍ ባል ቢሰጧት ቤቱ የሚጠነክር ይመስልዎታል?»

«አስተግፊሩላህ! ይህ ምን ዓይነት አፍ ነው?»

«የሚጣመረው ያጣው ትርፍ እዚያው ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ይኸው፣ ማስቲካ።»

ያንን የሚለጠጥ ነገር ከእጄ ተቀብለው በጣታቸው አሹት፤ ፊታቸው ጠቆረ። ቀስ ብለው፣ «እሺ፣ ይህ የኔ ጥፋት ይሁን» አሉ። «ይቺ አዲሷ ግን ከመንታ ቱቦዋ ሁለቱም እኩል ተለክተው የሚወጡላት ናት። ምርቃት የላትም። አሁን ድፈኚባት!»

ክርክር ከምጨምር ብዬ ዕቃቸውን ከፈትሁ። ከእርጥቡ እንጨት ቁራጭ አውጥቼ ላዩ ላይ ለጠፍኋት። አጠገብ ለአጠገብ ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። ደረቀች፤ እንደ ድንጋይ ጠነከረች። ጋሼ ጃፈር በድል አድራጊነት አዩኝ። በጥፍሬ ጠርዟን ፈልቀቅ አደረግሁ፤ እንደ ቅርፊት ሙሉዋን ተነሣች። ከሥሯ እንጨቱ እንደ ረጠበ ነው።

«ቸኩላ ስለምትደርቅ ወደ እንጨቱ ለመግባት ጊዜ የላትም» አልሁ። «እርጥብ ላይ ደግሞ የትኛዋም አትይዝም። እንጨቱ በፀሐይ ይደርቅ። ቀዳዳውን አስፍቼ የረጠበውን ላውጣ። ቀስ የሚለውን በልኩ ለክቼ መጀመሪያ ቀጭኑን ላጠጣው፤ ቀጥሎ የማወፈሪያ ዱቄት ጨምሬበት ልድፈነው። ሲጠነክር መካከሉን ለብሎኑ ልክ እንበሳዋለን። ያን ጊዜ ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲው ውስጥ ነው፤ እንጨቱን አይነካም፤ ውኃም መንገድ አያገኝም።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ቀን።»

ብድግ አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ትክክል ነሽ። ሁሉም ያልሽው ትክክል ነው። ልጄ ግን ዛሬ ምጥ ቢይዛትስ? ለእሷም ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ነገር አለሽ?»

እውነቱን እናገራለሁ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቤ የነበረው ጀልባዋና ትክክለኛነቴ ብቻ ነበሩ። ከአንኮበር በኩል ደመና እየከበደ ነው፤ ውኃው ግን ገና አልተነሣም። ጀልባዋን ደግሜ አየኋት።

«ሞተሩን እናውርደው» አልሁ። «ክብደቱ ሲነሣላት ኋላዋ ከፍ ይላል፤ ቀዳዳዎቹ ከውኃው በላይ ይሆናሉ። ለጊዜው በጨርቅ እንወትፋቸው። በመቅዘፊያ አሁኑኑ ይሂዱና ሌይላን ያምጧት፤ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ትግባ።»

«ምጥ ሳይመጣ? ሴቶቹ ምን ይላሉ? ምጥን ቀድሞ መሄድ ሟርት መጥራት ነው ይላሉ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እቤት ነው የሚወለድ።»

«ምጥ እስኪመጣ የሚቀመጥ ሰው ነው ሞተር የሚያስቸኩለው፣ ጋሼ። ዛሬ ቀድመው ካመጧት ጀልባዋን ማን ያስቸኩላታል?»

ጫማቸውን አወለቁ። «ያዢ ሞተሩን» አሉኝ።

ቀዝፈው ሲሄዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ነፋሱ ተነሣ፤ ውኃው መሸብሸብ ጀመረ። ጨርቁ ቢወልቅስ? ምክሩ የኔ ነው። ከሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ጀልባዋ ታየች፤ ሽማግሌው ይቀዝፋሉ፣ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ደግሞ የገባውን ውኃ በጣሳ ትቀዳለች። ሌይላ ሆዷን ደግፋ ወረደችና አየችኝ።

«አባ፣ የሰደበችህ ይቺ ናት?»

«ገና አልጨረሰችም» አሉ አባቷ እያለከለኩ።

በማግሥቱ ቀዳዳዎቹን አስፍቼ የረጠበውን አወጣሁና ጀልባዋን ገልብጠን በፀሐይ አሰጣናት። አሥር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ጋሼ ጃፈር ራሳቸው ኢፖክሲውን በመድኃኒት መስፈሪያ ለኩ፤ ሁለት በአንድ፣ ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ሳይቀር በጣታቸው ጠርገው። እኔ ቀዳዳዎቹን ደፈንሁ።

በዚያው ሌሊት ሌይላን ምጥ ያዛት። ጠዋት ጋሼ ጃፈር ከጤና ጣቢያው ሲመጡ ዐይናቸው ቀልቷል።

«ወንድ ነው» አሉኝ። «ደም ፈሷት ነበር። አዋላጇ አቆመችላት፣ አልሐምዱሊላህ። ከማዶ ብትሆን ኖሮ አትደርስም ነበር ብላኛለች።» ከጀልባዋ አጠገብ ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥራ ይጠብቀኛል፤ መኪናው በስድስት ሰዓት ይነሣል። ኢፖክሲውን በጥፍሬ ሞከርሁት፤ ጠንክሯል። «ጋሼ፣ ይበቃዋል። አሁኑኑ በስተን ሞተሩን እንሰረውና ልሂድ።»

«ቆርቆሮው ስንት ሰዓት ነው የሚለው?»

«ሃያ አራት። ግን በዚህ ሙቀት…»

«ግን የሚባል ነገር ተጽፎበታል?»

ጆሮዬ ጋለ። ለመሻገር የመጡ ሰዎች ዳር ላይ ተሰብስበው ማጉረምረም ጀምረዋል። ጋሼ ጃፈር ተነሡና ወደ እነርሱ ዞሩ።

«ስሙኝማ፣ ጎረቤቶቼ። ይቺ ጀልባ እስከ አሥር ሰዓት አትነካም። ዓምና በችኮላ ደፈንሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስትሻገሩ ውኃ በጣሳ ስትቀዱ ኖራችሁ፣ ሳንቃዬም በሰበሰ። ዛሬ በልኩ ብንጠብቅ እንጨቱ አይበሰብስም፣ ብሎኑ አይላላም፣ ሞተሩ መንገድ ላይ አይጥለንም። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ ወሩ ሲደርስ ይንገረኝ፤ ምጥ ሳይመጣ፣ በብርሃን፣ ውኃው ሲተኛ አሻግራለሁ። እንደዚያ ያደረግነው ከትናንት ወዲያ ነው፤ ልጄ በሕይወት አለች።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንቺም ቁጭ በይ» አሉኝ።

ቁጭ አልሁ። መኪናው ያለ እኔ ወደ አንኮበር ወጣ።

አሥር ሰዓት ሲሆን መሰርሰሪያውን እሳቸው ያዙት። የወጣው ዱቄት ነጭና ደረቅ ነበር። በመዳፋቸው ተቀብለው ለተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ አሳዩ።