ከቁጥሮቹ በታች የተጻፈው

ጋሽ ገነነ መጀመሪያ ቢሯችን የመጡ ቀን ሙዝ ሻጭ መስለውኝ ነበር። ከላንቴ ቀበሌ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ። «ዛሬ አንገዛም» አልኳቸው። «እኔም አልሸጥም። የሐይቁን ውሃ ልለካ የተቀጠርኩ ነኝ፤ ሙዙ የእናንተ ነው» አሉኝ። ሙዙን በላነው፤ ይቅርታ ግን ሳልጠይቅ ዓመታት አለፉ። ይኸው፣ ዛሬ በስንብታቸው ቀን በሰው ፊት ይቅርታ።

ልማዳቸውን ታውቃላችሁ። ሰኞ ሰኞ ከአባያ ሐይቅ ዳር ሲመጡ የውሃው ልክ ያለበት ፍላሽ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በመሐረብ፣ መሐረቡ በደረት ኪስ ነው። ያን ሁሉ እስኪፈቱ እኛ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የውሃውን ልክ የሚቀበል አዲስ ፕሮግራም መጣልን። የጋሽ ገነነን ፋይል ስሰጠው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰው። ሦስት ሰኞ እንዲሁ ሆነ። ቫይረስ ነው ተብሎ ኮምፒውተሩ ተጸዳ፤ ፍላሽም ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። አለቃችን ዮርዳኖስ ፍላሹን ቶሎ ነቅለውት ይሆናል አለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። አራተኛው ሰኞም ከተበላሸ ሌላ ሰው እንደሚተካ ተነገራቸው።

እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ሰዎች ከሥልጠና መልስ ከሚጥሏቸው ወረቀቶች ነው። አንዱ ቅዳጅ ላይ፣ እምቢ ያለን ፋይል እንደ ተራ ጽሑፍ ከፍተህ እስከ መጨረሻው እየው የሚል ነበር። ከፈትኩት። ቁጥር፣ አሁንም ቁጥር። ከሁሉም በታች ግን እንዲህ ይላል፦

«ዛሬ ጉማሬዋ ከነልጇ መጥታ ነበር። ሌላ የመጣ የለም።»

ጋሽ ገነነ፣ እርስዎ ሐይቁ ዳር ባለው መለኪያ ጣቢያ ፋይሉን ከፍተው ከቁጥሮቹ ሥር የቀኑን ወሬ ይጽፉበት ነበር። ፕሮግራሙ ደግሞ ከቁጥር ሌላ አይገባውም። መስመሯን ቆርጬ አወጣኋት፤ ፋይሉ ገባ። ለዮርዳኖስ ጥፋቱ የፍላሹ አይደለም፣ ትርፍ መስመር ነው አልኳት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

እርስዎን እንዳይጽፉ መንገር ነበረብኝ። ብነግርዎ ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። እኔም በዚያች ክፍል ብቻዬን ነኝ፤ በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ ቁጥር ፈልጎ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰኞው መስመሩን ቆርጬ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ። «ዛሬ ንፋስ ነው፤ ጀልባ አልወጣም።» «ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ሆናት። ውሃው ሁለት ሴንቲ ቀንሷል።» ያን ሰኞ ፍላሹን ሲሰጡኝ «ፋይሉ ገባ?» አሉኝ። «ገባ» አልኩ።

አንድ ጊዜም «ይኼን የሚያነብ ሰው ይኖር ይሆን?» ብለው ጽፈዋል።

ነበረ፣ ጋሽ ገነነ። ሁሉንም አትሜ አስጠርዤዋለሁ፤ ይኸው ይያዙት። መልስ በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ብቻዬን በሆንኩባት ክፍል ስላጫወቱኝም አመሰግናለሁ።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሐይቁ ዳር የተተከለው አዲስ መሣሪያ ቁጥሩን ራሱ ይልካል። ፋይሉ በአንዴ ይገባል። እኔ ግን ከቁጥሮቹ በታች ማየቴን የምተው አይመስለኝም።

በሉ፣ የያዛችሁትን ለስላሳ አንሱልኝ። ጌታ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። አገርዎ ኦቾሎ፣ ተራራው ላይ ገብተው ሐይቁን ቁልቁል ሲያዩ፣ ውሃው ስንት እንደደረሰ አይጻፉልኝ። ማን እንደመጣ ይጻፉልኝ።