የሚዞረው ገጽ

ነይ ግቢ የኔ እህት። እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ ያኛው ወንበር ያዘነብላል… ሰው ቀጥ ያለ መስሎት ይደገፈውና ጉድ ይሆናል። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ዓይኔም ሰሞኑን በጣም ተሻለው… በጣም።

ሠርጉ ይተላለፍ ልትዪኝ ነው አይደል የመጣሽው? ምን ችግር አለ። ሁለቴ የተላለፈ ሠርግ ለሦስተኛው ምን ያፍራል? የልጅ ልጄም ለምዳዋለች፤ ቀሚሷን አንዴ ስታጠበው አንዴ ስታሰፋው እጇ ሥራ አልፈታም።

ይልቅ ስለ አንድ ልጅ ላጫውትሽ። ያንቺን የወንድም ልጅ፣ ሙሽራውን ማለቴ እንዳይመስልሽ… የስልክ ፕሮግራም የሚሠራ ልጅ በየቤቱ ሞልቶ የለ? ይሄ ልጅ ለእኔ ለአሮጊቷ ብሎ የቤተሰቡን ፎቶ የማይበት፣ ልጆቼንም በምስል የማናግርበት አፕ ሠራልኝ። ዛሬ ይሄን ማን ያደርጋል? ታዲያ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይዞር ነበር። ጋደም ስል አብሮኝ ይጋደማል። ልጄን ሳናግራት በጎኗ ተኝታ ስትመልስልኝ፣ አልጋ የያዘች መስሎኝ ስንቴ እንባዬ መጣ። ነገርኩት፤ እንዳይዞር ቆለፈው። ከዚያ ወዲያ ቢያገላብጡት ቢደፉት ቀጥ አለ። ቀጥ ማለትን እንደሱ የሚያውቅበት የት ይገኛል? ግን ፎቶው ቀጠነብኝ፤ ቁመቱን ይይዝና ግራ ቀኙን ይቆርጠዋል። «ልጄ፣ ፎቶውን ብቻ ሰፋ አድርገህ አሳየኝ» አልኩት።

«ቀላል ነው እማማ» አለኝ። «እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ይታዘዛል። የጥሪው ገጽ ቀጥ እንዳለ ይቀራል፣ የፎቶው ገጽ ደግሞ እንደ አያያዝዎ ይዞራል። አንዱ ሌላውን አይነካውም።»

እኔ ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩት፣ ስንት ገጽ እንዳለ የት አውቄ? እሱ ግን ሲያስረዳ ከመጽሐፍ አይደለም… ከራሱ ነው።

እሱ እንደሄደ ስልኬን አጋደምኩት። ከልጅ ልጄ ጋር ተቃቅፈው የተነሡት ፎቶ የለም? በመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ላይ፣ ራሱ ያስገባልኝ? ቀጥ ሲል ሁለት ናቸው። ሲጋደም… ሦስት ሆኑ። ቀኝ እጁ የኛዋ ትከሻ ላይ፣ ግራው እዚህ ማዶ ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ ወገብ ላይ። እንዲህ የማያዳላ ልጅ አይቼ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? የዘንድሮ እውነት ማደርም አላሻው፣ ማጋደም በቃው። ሁለት ዛፍ ልውጣ ያለ ይወድቃል የሚሉትም ምቀኞች ናቸው… ሁለቱንም ዛፍ በአንድ ጊዜ ካቀፈ ወዴት ይወድቃል?

የልጅ ልጄ ፎቶውን ስታይ ታለቅሳለች ብዬ ስሰጋ ሳቀች። ቀሚሱን ለአክስቷ ልጅ ሰጠቻት፤ ልኳ ሆነ። ስለዚህ የኔ እህት፣ ሌላ ቀን ፍለጋ አትድከሚ። እኛ ቤት ሁላችንም ባለ አንድ ገጽ ነን፤ ለእንደዚያ ያለ ባለሙያ እናንሰዋለን።

ተነሣሽ? እንግዲህ ደኅና ግቢ። ያንን… ያንን ልጅ መንገድ ላይ ካገኘሽው፣ ከአንጀቴ መርቄዋለሁ በዪልኝ። ሥራውን ይባርክለት። ጤናውን ይስጠው። ትዳርም አይንፈገው… ፈጣሪ እንደ ልቡ የሆነች ሚስት ይስጠው። ልክ… እንደ ልቡ።