ያማረው የእማዬ ደም

ነይ እስቲ፣ እዚህ ተቀመጪ የአክስቴ ልጅ። አግዳሚው ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ከመቆም ይሻላል። መንገዱ እንዴት ነበር? አንገላታሽ? ይሄ ሆስፒታል ቀለም ተቀብቷል አይደል? ድሮ እኮ ግድግዳውን ከተደገፍሽ ኖራ ለብሰሽ ነበር ቤትሽ የምትገቢው። እስቲ ወደ እኔ ጠጋ በይ፣ ከጫፍ የተቀመጡት ሴትዮ ይመቻቸው። ቦርሳቸው ሰፊ ነው። በተነቃነቁ ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል፣ የኪኒን ብልቃጥ ይሆናል... እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሰው ቦርሳ። ምነው፣ ሰላም ልትያቸው ነው? ተያቸው፣ ስልካቸውን እያዩ ነው።

እማዬ ውስጥ ናት፣ መርፌ እየወጓት ነው። ስትወጣ ስታያት ግን እንዳትደነግጪ፣ ብርቱካንማ ሆናለች። አዎ፣ ቀለሙን ነው የምልሽ። መዳፏ፣ የእግሯ ውስጥ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ሳይቀር። በወንድሜ ቤት አንዲት ሰው አለች... ስም አልጠራም፣ መመስገን አትወድም። ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ የካሮት ጭማቂ ታጠጣት ነበር። ለዓይን ይጠቅማል ብላ። መቼም እውነቷን ነው፣ አሁን እማዬን ከመንገድ ማዶ የቆመ ዓይን ሁሉ ያያታል። በር ላይ ያለችው ነርስ ጉበት መስሏት ወደ ሌላ ሰልፍ ልካን ነበር።

ሥርዓቷን ብታዪ ደግሞ። ኪኒኑን በእንቁላል ትሪ ነው የምትደረድረው፣ በየጉድጓዱ የተለያየ ቀለም። ትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ እማዬ እንቁላል መስሏት እጇን ታጥባ ትጠብቅ ነበር። የእማዬ ሽንት ደማቅ ቢጫ የሆነ ዕለት "ይኸው እየሠራ ነው" ብላ ለወንድሜ ደወለችለት አሉ። ስብሰባ ላይ ነበር ምስኪን። ሰውነቷ ያልፈለገው ቫይታሚን እየፈሰሰ ነው የሚላት ሰው አልነበረም። ለድመቷም ታስብላት ነበር፣ ኪኒኑን ወተቷ ላይ እየፈጨች። ድመቷ ግን ጎረቤት ገባች። እናት እንደ ድመት ቤት አትቀይር... ቁጭ ብላ ዋጠች።

የቫይታሚን ሥልጠና እኮ ወስዳለች። ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ሰርተፊኬቱ ሳሎን ተሰቅሏል። ከጎኑ የእማዬ የደም ምርመራ ውጤት አለ፣ በመስታወት ተደርጎ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ደሟ ከእኔ ደም ይበልጣል" ትላለች። እኔ ላሳክማት ብዬ ስሄድም በጣቷ ወደ ግድግዳው ነው ያመለከተችኝ። እና እንደዚያ ያማረ ደም ይዞ ማን ሆስፒታል ይሄዳል?

እማዬ በየወሩ የምትወጋው የቢ አስራ ሁለት መርፌ ነበራት፣ ታስታውሻለሽ? ጨጓራዋ ቫይታሚኑን ከምግብ መውሰድ አቅቶት የታዘዘላት። እሱን አስቀረችው። በክፋት እንዳይመስልሽ፣ አዝናላት ነው። "አሮጊት ሰው በመርፌ አይሰቃይም፣ እኔ የፎሊክ አሲድ ኪኒን አለኝ" ብላ። እንዲህ የሚራራ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ዛሬ ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፣ ይባረክ። ሰውነታችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ አለኝ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን አይሠሩም፣ ኮኤንዛይም የሚባል ረዳት ይፈልጋሉ፤ አብዛኛው ረዳት ደግሞ የሚገኘው ከቫይታሚን ነው። ረዳቱ ለብቻው ምንም አይፈይድም፣ ሌላው ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው ሲለኝ አንድ የቤተሰብ ሰው ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ልዩነቱ ምን መሰለሽ... ኮኤንዛይም ከተለጠፈ በኋላ ሥራ ይሠራል። ኮሽ አለ፣ ሰማሽ? ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ወደዚያ አዙረው ነው።

ደሙ ማማሩን ሐኪሙም መስክሮላታል። ፎሊክ አሲዱ አሳምሮታል። የጎደለው ግን ቢ አስራ ሁለት ነበርና ነርቩ ከሥር ከሥር ሲጎዳ ከረመ። ደሙ ስላማረ ማንም አልጠረጠረም። ሳሎኑን አሳምሮ ጓዳውን መርሳት... እንዴት ያለ ሙያ ነው? ሐኪሙ እንኳን ገርሞት መነጽሩን አወለቀ።

በቀደም እማዬ በአንድ እግር ጫማ መንገድ አቋርጣ እኔ ቤት መጣች። ሌላኛው የወንድሜ ቤት ደረጃ ላይ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ እስክታየው ድረስ ሁለቱንም ያደረገች መስሏት ነበር። ያቺ ሰው ስትሰማ "ሰውነቷ ቀለላት ማለት ነው" አለች፣ ደስ ብሏት። እኔ እግሯን ሳጥባት ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ እንደማታውቅ አየሁ። የአክስቴ ልጅ፣ አንጀቴ ቁርጥ ነው ያለው። ይመለስላታል ወይ ብዬ ሐኪሙን ስጠይቀው "የተወሰነው ይመለስ ይሆናል" አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ ወደ እኔ ቤት ነው የምወስዳት። ወንድሜ እሺ ብሏል፣ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነው እንጂ ብሏል። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም፣ የመርፌዋንም ቀን እኔ እይዛለሁ። የሚከፋው ሰው ካለ ኮሽ ይበል። እኔን ቅር አይለኝም፣ ትሪውንም ካሮቱንም ትቼላታለሁ።

ይኸው በሩ ተከፈተ። ተነሺ፣ አንቺ በዚያ በኩል ያዢያት። ጫማዋን እይልኝ፣ ሁለቱም አሉ? እንዴት ታምራለች እናቴ፣ በዚህ ቀለሟ እንኳን። እኔ መቼም ቂም አልይዝም፣ ክፉ ቃልም ከአፌ አይወጣም። እንዲያውም ያቺን ሰው ልመርቃት፣ ሴትዮዋም ካልከበዳቸው አሜን ይበሉ። ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ከእማዬም በላይ ታርጅ። ያንን አንድ ወንድ ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ምራትም ያምጣላት፣ ከእጇ የምታበላት፣ ከጎኗ የማትጠፋ፣ የምትራራላት... ቁርጥ ራሷን የመሰለች።