በር ያለው መቀመጫ

ወይዘሮ ሌድበሪ በባለቤታቸው መቃብር ላይ አበባ አኑረው ሲመለሱ የጥቅምት ዝናብ ያዛቸው። የጠዋቱ ሰማይ አታልሏቸው ጃንጥላቸውን ቤት ትተው ነበር የወጡት። በእንግሊዟ መንደር በኔዘርኮም የመቃብሩ ግቢ መግቢያ ባለጣሪያ ስለሆነ እሱ ሥር ገብተው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ ረዳት ቄስ ሚስተር ታራንት ከከተማ ከመጣው ጋሪ ወርዶ፣ ካፖርቱ ሥር አንድ ጥቅል ደብቆ፣ ጭቃውን እየረጨ መጣና አጠገባቸው ተጠለለ።

ወይዘሮ ሌድበሪ የሟቹ ኮሎኔል ባለቤት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸውም ባሕር ማዶ ሞተው እዚያው ስለተቀበሩ፣ በዚያ ትልቅ ቤት ከአብሳያቸውና ከአንድ ሰነፍ ድመት ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በመንደሩ ከእሳቸው በላይ የሚከበር ሰው አልነበረም። ታራንት ደግሞ የባለሱቅ ልጅ ሲሆን በትምህርቱ ጎብዞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ወደ መንደሩ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ዋናው ቄስ ሳንባቸውን ስለሚያማቸው በባሕር ዳርቻ ይኖራሉና የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ሁሉ የወደቀው እሱ ላይ ነበር።

«እንኳን እዚህ አገኘሁዎት» አለና ጥቅሉን አወጣ። «መጽሐፍ ከሚያከራየው ቤት የልብ ወለድዎ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል።»

የዚያን ዘመን ልብ ወለድ በሦስት ክፍል እየታተመ ነበር የሚወጣው፤ አንዱን ያነበበ ሰው ቀጣዩ እስኪደርስ ይንቆራጠጣል። ወይዘሮ ሌድበሪ መጽሐፉን ተቀብለው ሻላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«ለአብሳይዬ እንዳይነግሩብኝ» አሉ። «ልብ ወለድ አእምሮ ያበላሻል ብዬ ወጥ ቤት እንዳይገባ ከልክያለሁ።»

«የእርስዎስ አእምሮ?»

«የእኔ ከዚህ በላይ የሚበላሽ የለውም።»

ታራንት ሳቀ፤ ታሪኩ የት ላይ እንደቆመም ጠየቃቸው። ወይዘሮ ሌድበሪ ይህን የሚጠይቃቸው ሰው አግኝተው አያውቁምና ዝናቡን ረስተው ያወሩለት ጀመር። አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ አለች። ያገባኛል ያለችው ሰው አስረግዟት ከዳት፤ እመቤቷም ይህን ባወቀች ዕለት ከቤት አስወጣቻት። ሁለተኛው ክፍል ያበቃው ልጅቷ በበረዶ ላይ፣ የተዘጋው የግቢ በር ፊት ቆማ ነው። ያንን ያነበቡ ቀን አልቅሰው እራት አልበላ እንዳላቸው ነገሩት።

«ያች እመቤት ልብ የላትም» አሉ። «አንድ ቀን ደጁን ከፍታ ብታናግራት ምን ነበረበት?»

ወጣቱ ቄስ የሚናገረው ነገር ያንን ወዳጅነት እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር፤ ግን ዝም ብሎ ቢያልፈው ለራሱ እንደሚያፍርም ያውቅ ነበር።

«ዶርካስ ፒም ሰኞ ልትሄድ ነው» አለ።

ዶርካስ ገና ልጅ ሳለች ነበር በሌድበሪ ቤት ለአገልጋይነት የገባችው። ማንበብ ያስተማሯት ወይዘሮዋ ራሳቸው ናቸው። የልጆቻቸው ሞት በተሰማ ጊዜም ሻማ ይዛ ከአልጋቸው አጠገብ የተቀመጠች እሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሳታገባ አረገዘች፤ ወይዘሮዋም በዚያው ቀን አሰናበቷት፤ ጥሩ ሠራተኛ ነበረች የሚል የምስክርነት ቃልም ሳይሰጧት ቀሩ። በእንግሊዝ አገር የቀድሞ እመቤቷን ምስክርነት ያላገኘች አገልጋይ ደግሞ የሚቀበላት ቤት የለም። ዶርካስም ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠበች፣ በመከር ጊዜ ድንች እየለቀመች ልጇን ፌቢን ታሳድግ ነበር። ወይዘሮ ሌድበሪ በመንገድ ሲያገኟት ዓይናቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ፤ እሳቸው ያላዩትን ደግሞ መንደሩ አያይም።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ ወይዘሮ ሌድበሪ።

«ሰሜን፣ ፈትል ፋብሪካ። እዚያም ይሰድቡኛል፤ ግን የማያውቁኝ ሰዎች ስድብ ይሻለኛል አለች።»

ወይዘሮዋ ጓንታቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ። «ሚስተር ታራንት፣ እኔ ለዶርካስ ክፉ አልመኝም። ነገር ግን እሷን ዛሬ ሰላም ካልኩ የመንደሩ ልጃገረዶች ምን ይማራሉ?»

«እስካሁንስ ምን ተማሩ?»

«መጠንቀቅን።»

«መደበቅን ነው የተማሩት እመቤቴ። ባለፈው ክረምት የአናጢው ልጅ ብቻዋን ጋጣ ውስጥ ወልዳ ሕፃኑ ሞተባት። ለምን ለእናትሽ አልነገርሽም ብላት፣ የዶርካስን አይቼ አለችኝ።»

ይህን ወይዘሮዋ አልሰሙም ነበር። ክፉ ወሬ ትልቁ ቤት ከመድረሱ በፊት ተጣርቶ፣ ለእመቤት ጆሮ የማይመቸው ወጥ ቤት ይቀራል። የተከበረ ሰው ከሁሉ ኋላ የሚሰማው ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጎ ሰዎች ክፉ የሚሠሩትም ባለማወቅ ነው።

ታራንት ጀምሯልና ቀጠለ። ማክሰኞ በሚደረገው የአጥቢያው ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉት የመቀመጫ በሮች ሁሉ እንዲነሡ ሊጠይቅ አስቧል። በኔዘርኮም እያንዳንዱ ደህና ቤተሰብ ትከሻ በሚያክል የእንጨት ግድግዳ የታጠረ የራሱ መቀመጫ አለው፤ በሩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ድኻው ግን ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ ነፋስ በሚገባበት ነጻ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የሌድበሪ መቀመጫ ለትልቅ ቤተሰብ የተሠራ ነበር፤ አሁን አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይቀመጡበታል።

«መጀመሪያ ዶርካስን፣ አሁን ደግሞ የመቀመጫዬን በር» አሉ ወይዘሮዋ። «አባትዎ ባንኮኒ ኋላ ቆመው ሻይ ይመዝኑ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ ለሁሉም በአንድ ሚዛን።»

«ምላስዎ እንደ ባለሱቅ ነው። ሥርዓት ከሌለ ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ባለቤቴ እዚያ ተቀምጠዋል፤ ልጆቼ እዚያ ከእግሬ ሥር እየተንፈራገጡ አድገዋል። ያንን በር አንሡ ማለት እነሱን ከዚያ አውጡ ማለት ነው።»

ታራንት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን አላሰብኩትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እመቤቴ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ላለችው ልጅ እራት ትተው አለቀሱ። ያቺ ልጅ ሰኞ በጋሪ ተሳፍራ ትሄዳለች። አንድ ሰላምታ ብቻ ነው የምለምንዎት።»

ዝናቡ አባራ። ወይዘሮ ሌድበሪ «እግዜር ይስጥልኝ ስለ መጽሐፉ» ብለው፣ እጃቸውን ሳይዘረጉለት ሄዱ።

በማግሥቱ ሦስተኛውን ክፍል አንብበው ጨረሱ። ልጅቷ ሞተች። ያባረረቻት እመቤትና ሰፈርተኛው ሁሉ መቃብሯ ላይ ተሰብስበው አለቀሱ። ወይዘሮ ሌድበሪም እንደ ልማዳቸው አለቀሱ፤ ከዚያ ግን መጽሐፉን ዘግተው በመስኮቱ የግቢያቸውን በር ሲያዩ ቆዩ፤ አብሳያቸው ሻይ ብታቀርብም አልጠጡም።

እሑድ እንደወትሮው ደወሉ ሊያበቃ ሲል ቤተ ክርስቲያን ገቡ። የግቢ ጠባቂው ሽማግሌ ጎብል የመቀመጫቸውን በር ሊከፍትላቸው ሳበው፤ አልከፈት አለ። የሰሞኑ ዝናብ እንጨቱን አሳብጦት ኖሯል። ጎብል እግሩን አስደግፎ ጎተተ፤ እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ።

«አልመጣም አለ እመቤቴ» አለ በጆሯቸው። «መጥረቢያ ላምጣ?»

«በቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

ወይዘሮ ሌድበሪ መተላለፊያው መካከል ቆመው ቀሩ። እዚህ ላይ የሆነው ነገር በክፋት የሆነ አልነበረም። በቀኝ በኩል ሐኪሙና ሚስቱ፣ በግራ የባለወፍጮው ቤተሰብ ነበሩ፤ በሁለቱም ዘንድ ሰፊ ቦታ አለ። ነገር ግን ከራስ በላይ የሆነን ሰው ወደ ራስ መቀመጫ መጥራት በዚያ አገር ድፍረት ነው። የሐኪሙ ሚስት «የኮሎኔሉን ባለቤት እኔ ልጋብዝ?» ብላ አስባ አንገቷን ደፋች፤ የባለወፍጮው ሚስት የሐኪሙን ሚስት ጠበቀች፤ ከእሷ ኋላ ያሉትም እሷን። ሁሉም እያከበሯቸው፣ ማንም በሩን ሳይከፍት፣ አሮጊቷ እንደቆሙ ደወሉ አበቃ። የተዘጋ በር ከውጭ ምን እንደሚመስል በዚያች ሰዓት አዩ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። ወደ እሳቸው አልመጣችም፤ ልጇን ወደ ራሷ ስባ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ የተለቀቀውንም ቦታ በመሐረቧ ጠረገችው። ዶርካስ ነበረች። ወይዘሮ ሌድበሪ መተላለፊያውን ወደ ኋላ ተጉዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ነፋሱ ከበሩ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዛቸው። ዶርካስ ሻሏን አውልቃ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገችው። ታራንት መስበክ ሲጀምር ከምሰሶው የተነሣ ግማሽ ፊቱ ብቻ ታያቸው፤ ድምፁ ግን አልደረሳቸውም።

«ምንም አይሰማም እኮ» አሉ በሹክሹክታ።

«ከዚህ አይሰማም እመቤቴ። እኛ ከፊቱ ነው የምንገምተው። አሁን ስለ ይቅርታ ሳይሆን አይቀርም፤ ቅንድቡን አንሥቷል።»

ወይዘሮ ሌድበሪ ሳቃቸው መጣና ዋጡት፤ ሳቁን ተከትሎ እንባ መጣ፤ እሱን ግን ሊውጡት አልቻሉም። ትንሿ ፌቢ ትክ ብላ አየቻቸውና፣ የጓንታቸውን ጣት ያዝ አደረገች።

ቅዳሴው አበቃ። እንደ ደንቡ ከሁሉ በፊት የሚወጡት ወይዘሮ ሌድበሪ ናቸው፤ እሳቸው ሳይወጡ ማንም አይወጣም። እሳቸው ግን አልተነሡም። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ በየመቀመጫው በር ቆሞ ይጠብቅ ጀመር፤ የተባለውንም ሁሉ ሰማ።

«ዶርካስ» አሉ። በስሟ ካናገሯት ሦስት ዓመታቸው ነበር። «ሰኞ አትሂጂ።»

«ምን ይዤ ልቅር እመቤቴ?»

«ክፍልሽ እንዳለ ነው። መጋረጃውን እንኳ አልቀየርኩትም።»

«ልጄን አልደብቅም» አለች ዶርካስ ቀስ ብላ። «ከሰው ፊት የእህቴ ልጅ ናት አልልም። እንደሱ ከሆነ ብሄድ ይሻለኛል።»

«ማን ደብቂ አለሽ? ልጅሽ ናት፤ በፊት በር ትግባ።» ቀጥለውም እጃቸውን ዘረጉላት። «ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አስቤ ነበር። ከዚህ አግዳሚ ላይ ሆኖ ግን ይህን ማለት ያሳፍራል። ይቅር በዪኝ ልጄ።»

ዶርካስ እጃቸውን ያዘች። «ቂም ለመያዝ መች ጊዜ ነበረኝ» አለች፤ «ያልታጠበ ልብስ ነበረብኝ።»

ወይዘሮዋ በዶርካስ ክንድ ተደግፈው ወጡ፤ ሕዝቡም ተከትሎ ወጣ። በደጅ የሐኪሙ ሚስት ዶርካስን «ደህና ዋልሽ ወይ?» አለቻት፤ የባለወፍጮው ሚስትም ደገመችው።

ማክሰኞ በስብሰባው ላይ ታራንት ገና ሳይናገር ወይዘሮ ሌድበሪ ቀደሙት፤ መጀመሪያ የሚነሣው የእሳቸው በር እንዲሆን ጠየቁ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከዚያ ይወጣሉ ብለው ፈርተው እንደነበር፣ አሁን ግን በዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ ሰው ቢቀመጥ ሟቾቹም ደስ የሚላቸው እንደሚመስላቸው ተናገሩ። ባለወፍጮው የገበሬው ጫማ ጭቃ ያመጣል ብሎ ተከራከረ፤ ሚስቱ የእሱን ጫማ አሳየችውና ተቀመጠ።

የመጣውን ለውጥ መንደሩ ሁሉ ያየው ነው። በሮቹ ከተነሡ ወዲህ ስብከቱ እስከ ኋላ ይሰማል፤ ነፋስ ይመታቸው የነበሩ ሽማግሌዎች ወደ ምድጃው ተጠግተዋል። ሐኪሙ የታመመ ልጅን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዓይኑ እያየ፣ ሳይጠሩት መሄድ ጀምሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ጭንቅ የያዛት ልጃገረድ ወደ ጋጣ መሸሿን ትታ ወደ ትልቁ ቤት መምጣቷ ነው፤ ዶርካስ በሩን ትከፍታለች፤ ወይዘሮዋ ሻይ ያቀርቡላታል፤ ስድብ የለም። ሰውን ከክፋት የሚመልሰው የተዘጋ በር እንደሆነ የሚያስብ ቢኖር፣ ኔዘርኮም መጥቶ ይይ።

ታራንት አንድ ቀን ሦስተኛው ክፍል እንዴት እንዳለቀ ጠየቃቸው።

«ገደላት» አሉ ወይዘሮ ሌድበሪ በቁጣ። «ከሞተች በኋላ ሁሉም አለቀሱላት። ደራሲው የት እንደሚያስቀምጣት ስለጨነቀው ነው። እኔን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

በገና እሑድ ፌቢ በስብከቱ መካከል ክንዳቸው ላይ ተደግፋ ተኛች። ስብከቱ ረዝሞ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ታራንት ስላሰለቻቸው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ወይዘሮዋ ክንዳቸውን እያሹ፣ «በቀደመው ጊዜ ቢሆን ከመቀመጫዬ በር ኋላ ሆኜ አንቀላፋ ነበር» አሉት። «ዛሬ ልጅቷ እንዳትነቃ ብዬ ሁሉንም ሰማሁት።»