የትበርህ የልዩነት ሐሳብ

እስቲ ሙዚቃውን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ። ጉርሜሳ፣ ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? ጥሩ። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ አሳጥራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አላሳጥርም፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ትበርህን ዛሬ እንኳ አንቱ ልበላት ብዬ ቤቴ ተለማምጄ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት አንቺ ስልሽ ኖሬ፣ ጡረታ ወጣሽ ብዬ አላርቅሽም።

የመጣችበትን ቀን ልንገራችሁ። ጥር 1985 ነው። ያን ሰሞን ለመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጥቶ፣ የት ይቀመጥ የሚል ስብሰባ ላይ ነን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረን ኃላፊው ቢሮ ይቀመጥ፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ይልበስ፣ በፈቃድ ብቻ ይከፈት ብለን ወሰንን። አትሳቁ፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ልንጨርስ ስንል የምደባ ደብዳቤዋን የያዘች ቀጭን ሴት ገባች። "የወንዝ ልኬት ባለሙያ ነኝ፤ ዛሬ ጀምሪ ተብዬ ነው" አለች። ተቀመጪ ተባለች። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ሳዞር በስህተት እሷም ዘንድ ደረሰ። ፈርማ መለሰችልኝ። ከፊርማዋ ጎን "በልዩነት" ብላ ጽፋለች።

ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ በልዩነት ማለት በውሳኔው አልስማማም፣ ምክንያቴም ይመዝገብልኝ ማለት ነው።

"እህቴ፣ ገና ዛሬ መግባትሽ እኮ ነው" አልኳት።

"ታዲያ እስከ ነገ ልቆይ?"

"ምኑ ላይ ነው ልዩነትሽ?"

"ኮምፒውተር የሚቀመጠው ሥራ ያለበት ክፍል ነው። ዳንቴሉን ለሶፋው አድርጉት።"

በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አላገኘንም። ያኔ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ሻይ ቤት ነበረች፤ ካዛንቺስ ሲፈርስ አብራ ፈረሰች እንጂ። እዚያ ቁጭ ብለን ያልተከራከርንበት የመንግሥት ፖሊሲ የለም። ግድቡ፣ ሞባይሉ፣ በሳተላይት ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ሁሉም እኛ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ታይቷል። እኔ አዲስ መሣሪያ ሁሉ ይምጣ ባይ ነኝ። እሷ ደግሞ፣ "ይምጣ፤ ግን መጀመሪያ ይፈተን" ባይ ናት። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ስለ ሞባይል ጀምረን ላንቻ መውረድ ሲገባት ሳሪስ ደረሰች። ረዳቱ፣ "እናት፣ ላንቻ አላሉም እንዴ?" ቢላት፣ "ዋይ! ይሄ ሰውዬ እስኪገባው እየጠበቅኩ ነው" አለችው።

ስለ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረቱ ነገርስ? በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቀን ይምታታበታል ተብሎ ሰርኩላር መጣ። እኔ ተነሥቼ፣ ማለቴ በሙሉ ልቤ፣ "እኛ ገና 1992 ላይ ነን፤ ለመዘጋጀት ሰባት ዓመት ከምናምን አለን" አልኩ። ጭብጨባም ነበር። ትበርህ ብቻ፣ "አምኃ፣ ኮምፒውተሩ ዘመን መለወጫ ያከብራል እንዴ?" አለችኝ። አልረሳችውም። መስከረም 2 ቀን 2000 ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ "እስቲ ክፈተው፤ ያንተ ኮምፒውተር በሰላም ተሸጋገረ?" አለችኝ።

ሌላም የምታውቁት ጠባይ አላት። ትበርህ ማንኛውንም ወረቀት የምትፈርመው በየገጹ ነው። ደብዳቤም ይሁን የዕቃ መጠየቂያ፣ በየገጹ። ለባልደረባችን ለጽጌሬዳ ሠርግ የገዛነውን ካርድ ፊቱን፣ ውስጡን፣ ጀርባውን ፈርማበታለች። ሙሽራው፣ "ይህ ውል ነው ወይስ ካርድ?" አለ አሉ። ሁላችሁም ስትስቁባት ኖራችኋል፤ አሁንም እየሳቃችሁ ነው።

እኔ ግን ስቄ አላውቅም። ለምን እንደምታደርገው አውቃለሁ። እስከ 2001 ድረስ የምትፈርመው መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነበር።

ይህን የምናገረው ጠጥቼ አይደለም፤ ብርጭቆዬ እንደሞላ ነው። ትበርህ፣ አንገትሽን አትነቅንቂብኝ። ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

መጋቢት 2001 አምስት ሰዎች ስብሰባ ተቀመጥን። ሰብሳቢው ያኔ ኃላፊያችን የነበሩት፣ ዛሬም አክብረውን ከፊት ወንበር የተቀመጡት አቶ ኃይለገብርኤል ናቸው። ጸሐፊው እኔ። ጉዳዩ ይህ ነው፦ በየወንዙ ዳር ቁጥር ያለው ዘንግ ተተክሏል፤ በአካባቢው የሚኖር ሰው ጠዋትና ማታ ውኃው የደረሰበትን አንብቦ ደብተር ላይ ይጽፍልናል። እነዚህን አንባቢዎች አሰናብተን በአሥራ ሁለት ጣቢያ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አውቶማቲክ መለኪያ እንትከል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከሁሉ አብልጬ የደገፍኩት እኔ ነኝ። ትበርህ እጇን አነሣች።

"ወንዝ የሚሞላው መቼ ነው?" አለች።

"ክረምት" አልናት።

"ፀሐይ የምትጠፋውስ?"

ሳቅንባት። እሷ አልሳቀችም። "መሣሪያው ይተከል፤ አልቃወምም። አንባቢዎቹ ግን ሁለት ክረምት አብረው ይቆዩና ንባቡ ይመሳከር" ብላ የልዩነት ሐሳቧን በሌላ ወረቀት ጻፈች። እኔም የቃለ ጉባኤው ገጽ አንድ ላይ "ከተያያዘው የልዩነት ሐሳብ ጋር" ብዬ ጻፍኩ። ፊርማችን ገጽ ሁለት ላይ ነበር። ፈርማ፣ እኔን አምና ሰጥታኝ ወደ መስክ ወጣች።

በማግስቱ አቶ ኃይለገብርኤል ጠሩኝ። "ይህ ለበላይ የሚሄድ ነው፤ ልዩነት ያለበት ነገር ይዘን አንቀርብም፤ አስተካክለው" አሉኝ። አስተካክለው አሉኝ እንጂ እጄን አልያዙም። ገጽ አንድን እንደገና የጻፍኩት እኔ ነኝ። "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" አልኩ። የእሷን ወረቀትና የቀድሞውን ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ።

አቶ ኃይለገብርኤል፣ ይቀመጡ እባክዎ። ገና አልጨረስኩም።

ክረምቱ ገባ። ሰማዩ ሳይገለጥ ሦስት ሳምንት ሄደ፤ ባትሪው ደከመና ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ጸጥ አሉ። አንባቢ የለ፣ መሣሪያ የለ። የዚያ ክረምት መዝገባችን ዛሬም ባዶ ነው፤ ሙላቱ ስንት እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም። ከላይ ማን አጸደቀው የሚል ጥያቄ መጣ። ቃለ ጉባኤው ወጣ፤ በሙሉ ድምፅ ይላል። የጣቢያዎቹ ባለሙያ እሷ ስለነበረች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ለእሷ ተሰጠ። የቡድን መሪነቱ ዕድገት ተራ የእሷ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው አያድግም ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። እኔም ተቀበልኩ። እንኳን ደስ አለህ ካሉኝ ሰዎች አንዷ ትበርህ ነበረች።

ያን ሰሞን የቃለ ጉባኤውን ሁለት ገጽ ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "አምኃ፣ ይሄኛው ነጭ ነው፤ ይሄኛው ገርጣ ያለ ነው" አለችኝ። እንደገና የጻፍኩበት ወረቀት ከሌላ እሽግ ነበር። ሁለቱን ገጽ ደርቤ ወደ እሷ መለስ አደረግኩት። አንስታው ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገጹ ትፈርማለች።

ትበርህ፣ በማግስቱ ሻይ ልጋብዝሽ ስልሽ መጣሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ሁሉም ነገር ተከራከርሽኝ፤ በዚህ አንድ ነገር ብቻ አልተከራከርሽኝም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። አፍሬ ነው የኖርኩት፤ ዛሬም አፍሬ ነው የቆምኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ማህደሯ ሰኞ ይዘጋል። ያ ማስጠንቀቂያ አሁንም ውስጡ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሰው ሀብት ሠራተኛዋ ለእጸገነት የቀድሞውን ገጽ አንድ፣ የትበርህን የልዩነት ሐሳብና የራሴን የእምነት ቃል ሰጥቻታለሁ። የእኔ ሦስት ገጽ ነው፤ ሦስቱም ላይ ፈርሜያለሁ። እጸገነት ግን፣ "የሰብሳቢው ፊርማ ካልተጨመረበት ማስጠንቀቂያው አይነሣም" አለችኝ። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ፣ "ከድግሱ በኋላ ይሁን" አሉኝ። ከድግሱ በኋላ ሁላችንም ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ላንቻ፣ ወደ መስቀል ፍላወር እንበተናለን። ስለዚህ አሁን ነው።

አቶ ኃይለገብርኤል፣ ወረቀቱ ይኸውልዎ። ጉርሜሳ፣ እስክሪብቶ ስጣቸው።

እንጠብቃለን።

ምን አሉ? ማይኩን ጠጋ አድርግላቸው። "አስተካክለው ያልኩህ የፊደል ግድፈቱን ነበር"?

አትጩኹባቸው! ዝም በሉ፣ እባካችሁ። አቶ ኃይለገብርኤል፣ እኔ እንደዚያ አልሰማሁም። ግን የእርስዎም ይጻፋል። በልዩነት መፈረም ይችላሉ፤ ምክንያትዎን ይጻፉ፣ ራሴ አያይዘዋለሁ። ይህን ያስተማረችን እሷ ናት። እጸገነት፣ በልዩነትም ቢሆን ፊርማ ፊርማ ነው፣ አይደለም? ነው ብላለች።

እየፈረሙ ነው። በየገጹ እባክዎ። ሦስት ናቸው። አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው።

እጸገነት፣ ተቀበያቸው። አዎ፣ ቦርሳሽ ውስጥ አስገቢው፤ ጠረጴዛው ላይ አትተዪው።

እንግዲህ ሁላችሁም ተነሡ፤ ብርጭቆ ያዙ። ትበርህ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስህተታችንን ፊት ለፊት ስለነገርሽን እናመሰግንሻለን። እኔ በተለይ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ እንኳ ጠረጴዛዬን ስላልሸሸሽ አመሰግንሻለሁ። ጤናሽ ይሙላ፤ እግርሽ ይበርታ፤ ታክሲ ውስጥ የሚከራከርሽ አይጥፋ። ልጆችሽ ቤት ስብሰባ ሲጠሩ ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይያዝ። ለትበርህ ክብር እንጠጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የሚደግፍ?

በሙሉ ድምፅ ልል ነው። ልዩነት ያለው አለ?

ትበርህ እጇን አንሥታለች።

ብርጭቋችሁን ያዙ፤ ማንም እንዳይጠጣ። ጉርሜሳ፣ ማይኩን ውሰድላት። ተናገሪ ትበርህ፤ እኔ እጽፋለሁ።